መጨረሻ የሚቀረው እንቁላል

አባቴ ሲበላ ተራ አለው። መጀመሪያ ድንቹ፣ ቀጥሎ ካሮቱ፣ ከዚያ ሩዙ። የተቀቀለው እንቁላል ሳህኑ ጠርዝ ላይ እንደ ተኮረፈ ሰው ይቀመጥና ተራው ሲደርስ «ጠገብኩ» ይባላል።

ሐኪሙ ግን ነግሮናል። ሆዱ ተቀዶ ስለተሰፋ ከጥቂት ጉርሻ በላይ አይችልም፤ ስለዚህ ሰውነት የሚገነባው እንቁላሉ ይቅደም። በወሩ መጨረሻ ሁለት ኪሎ ካልጨመረ የቀረውን ቀዶ ጥገና አይደፍሩትም።

እኔ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እተኩሳለሁ። የምሳ ሰዓቴ ግማሹ መንገድ ላይ ያልቃል። እግሬ አብጦ፣ ወገቤ ተቆርጦ ቤት እደርስና ሳህኑን ፊቱ አስቀምጬ እቆማለሁ። ከተቀመጥኩ መነሳት አልችልም።

«አባዬ፣ እንቁላሉን አስቀድም አላልኩህም?»

«ጥሩ ጥሩው መጨረሻ ነው ልጄ።»

«በል ቶሎ በል! እኔ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።»

በየቀኑ እንዲህ እለዋለሁ፤ እሱም በየቀኑ ይጠግባል። እንቁላሉ ከሚጣል ብዬ በሁለት ጉርሻ ውጬው ወደ ሥራዬ እሮጣለሁ። መንገዱን ሙሉ እነጫነጫለሁ፤ ሰው ሲያረጅ ልጅ ይሆናል እያልኩ።

ትናንት ሐኪም ቤት ሚዛን ላይ ወጣ። አንድ ኪሎ ቀንሷል።

«እንቁላሉን እየበሉ አይደለም እንዴ?» አለ ሐኪሙ።

አባቴ ቀደመኝ። «አንድም ቀን ተጥሎ አያውቅም።»

አልዋሸም። ከሱ የጎደለው ኪሎ እኔ ላይ እንዳለ ያኔ ገባኝ፤ አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። ስንወጣ በር ላይ ያዝኩት።

«ሆን ብለህ ነው የምትተወው?»

«ልጄ ራበኝ እያለች ቆማ እያየችኝ፣ በየትኛው ጉሮሮዬ ልዋጠው?»

ልጆች ሆነንም እንቁላሉን ወደኛ ይገፋልን ነበር። አባታችን እንቁላል አይወድም ብለን ነው ያደግነው።

ዛሬ ሁለት ቀቀልኩ። ሳህኔን ይዤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። የራሴን ልጬ በላሁ፤ የመጨረሻዋን ጉርሻ እስክውጥ ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም። ከዚያ ድንቹን ወደ ጎን ገፋ አደረገና እንቁላሉን አነሳ። ቀስ ብሎ አላመጠ።

«ጣዕሙን ረስቼው ነበር» አለ። «ትንሽ ጨው ይፈልጋል።»

ጠረጴዛውን ተደግፌ ተነሳሁ፤ ጨው ላመጣለት።