አምስት ኪሎ ለቀይ ቀበሮ

ጋሼ ደሳለ ቦርሳዬን የሚመዝኑት ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከአምስት ኪሎ ካለፈ እኔ ቀርቼ እየሩስ ትሄዳለች። ይግባኝ የለውም።

ጋሼ ደሳለ የእናቴ ወንድም ናቸው። ከላሊበላ እንግዳ እየመሩ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያሳያሉ። ተራራው ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከደጃችን ሆኖ ያየኛል፣ እኔ ግን ቀይ ቀበሮ አይቼ አላውቅም። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሁሉ አይቶ ሲመለስ የኔ ድርሻ ሆቴል ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶ ነው። ያናድዳል! ሦስት ወር ለመንኳቸው። በመጨረሻ፣ «እሺ፣ ድስት ታጥቢያለሽ፣ አፍሽን ትዘጊያለሽ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው» አሉኝ።

የአክስቴ ልጅ እየሩስም ለምና ነበር።

«ንጋትዬ፣ አንቺ እኮ ውኃ ልትቀጂ ስትሄጂም መስታወት የምትይዢ ሰው ነሽ» አለችኝ። «አምስት ኪሎ ለጸጉር ቅቤሽም አይበቃ።»

«ቀናሽ!»

«ምን አስቀናኝ? ቦርሳዬን አዘጋጅቼ ቁጭ ብያለሁ።»

እውነቷን ነው። አዘጋጅታ ነበር፣ የተረገመች።

የጋሼ ትእዛዝ አጭር ነው። ባና፣ ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሁለት ካልሲ፣ ባትሪ፣ ቆሎ። ነጭ ለብሶ አውሬው አጠገብ መድረስ የለም። የሚንኮሻኮሽ ፌስታል አይገባም። ሽቶና ቅቤ አይገባም።

«እኔስ እገባለሁ?» አልኳቸው።

«አፍሽ ካልከበደ።»

ዓርብ ቀን እግሬ መሬት አልያዘልኝም። አሽጋለሁ፣ እፈታለሁ፣ ደጅ ወጥቼ ተራራውን አያለሁ፣ ተመልሼ አሽጋለሁ። መጀመሪያ ተረከዙ ከፍ ያለውን ጫማዬን ከትቼ ነበር፤ ቀበሮው ፊት በምን ልቁም ብዬ ነው። ኋላ ራሴን ታዝቤ አወጣሁት። ለሰባተኛ ጊዜ አሽጌ ሱቅ ወስጄ ባስመዝነው አራት ኪሎ ተኩል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ወሬው ሰፈር ገባ።

እኛ አገር ወደ ደብር የሚያልፍ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። የራሱ ስለት ባይኖረው የሰፈሩን ይሸከማል። ተራራው ወገብ ላይ ደግሞ፣ በምንመለስበት መንገድ በኩል፣ ቤተ ክርስቲያን አለች። እኔ ቀበሮ ላይ እንጂ ቤተ ክርስቲያን ላይ አላሰብኩም ነበር፤ ሰፈሩ ግን አሰበልኝ። መጀመሪያ ጎረቤታችን እማማ ባንችይርጋ ክንድ የሚያህል የጧፍ እስር ይዘው ገቡ።

«ላሚቱ በሰላም ከወለደች ብዬ ተስዬ ነበር፣ ልጄ።»

«መቼ ወለደች፣ እማማ?»

«አምና።»

«ኧረ ጥጃው ሊጠመድ ደርሷል!»

«የሚያደርስልኝ ባጣ ነዋ!»

እሳቸው ሳይወጡ ባጃጅ ነጂው አራጋው መጣ፤ ዘርፉ የሚያብረቀርቅ የከፋይ ጃንጥላ አቅፏል። ባጃጁ ሦስት ጊዜ ተገለባብጣ እሱ በእግሩ ነው የወጣው።

«አንተ ተርፈህ እኔን ልትጨርሰኝ?» አልኩት።

«በረከቱ ላንቺም ይደርሳል።»

«በረከቱ ስንት ኪሎ ነው?»

እናቴ አመተ ጊዮርጊስ ከጓዳ ሰማችኝ። «ዝም በይ! የስለት ዕቃ ከደጅ አይመለስም። ታቦቱን እምቢ ልትይ ነው?»

ታቦቱንማ እንዴት እምቢ እላለሁ። ቦርሳው ሰባት ኪሎ አለፈ። ጧፉን አወጣሁ፣ መለስኩ። ጃንጥላውን አወጣሁ፣ እናቴ አየችኝ፣ መለስኩ። ከሁሉ የሚከብደው ባናው ነበር፤ ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ጥቁር፣ ለብቻው ከሁለት ኪሎ በላይ። ታቦትና ባና ተጣሉ፤ ባና ተሸነፈ። አልጋ ሥር ወረወርኩት። ሚዛኑ ቦርሳ እንጂ ሰው አይመዝንም ብዬ፣ ጠዋት ሁለት ሹራብና ሁለት ቀሚስ ደራርቤ የእናቴን ነጭ ጋቢ ከላይ ጣል አደረግኩበት።

ጋሼ የእጅ ሚዛናቸውን መንጠቆ ቦርሳዬ ላይ ሰኩ። አራት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። እየሩስ ቦርሳዋን አዝላ አጥራችን ሥር ቆማለች።

«ጋሼ፣ ልጅቷን እኮ ነው መመዘን! እዩአት፣ ድፎ ዳቦ መስላለች!»

ጋሼ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ባና ይዘሻል?»

«አይበርደኝም፣ ጋሼ።»

የጠየቁኝ ሌላ፣ የመለስኩት ሌላ። እሳቸው ግን በቅሎዋን መጫን ጀምረው ነበር።

እንግዳችን ሂንድ የምትባል የደሴ ሴት ነበረች፣ ፎቶ አንሺ። ካሜራዋን ትተን ቦርሳዋ የምሳ ዕቃ ያህላል። ዳገቱ ግማሽ ላይ ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ ጠጋ አለችኝ።

«አውልቂ እንጂ። ላቡ ላይሽ ላይ ከቀዘቀዘ ተራራው ይበላሻል።»

«አውልቄ የት ላድርገው?»

«ቦርሳሽ ውስጥ ነዋ።»

ቦርሳዬ ውስጥ የአራጋው ባጃጅ ተቀምጣለች ልበላት? እያላበኝ ወጣሁ።

ማደሪያው ጎጆ ስንደርስ ሹራቤ ሁሉ ርሶ ነበር፣ ከዚያም ቀዘቀዘ። ሌሊቱን አልነግራችሁም። ይህን ብቻ ልበል፤ ጣራው ውስጥ አይጥ ሲንኮሻኮሽ ስለሰማሁ የእማማ ባንችይርጋን ጧፍ ደረቴ ውስጥ ሻጥ አድርጌ፣ በጋቢው ተጠቅልዬ አደርኩ።

ጎሕ ሲቀድ ጋሼ በር ላይ ቆሙ። ሣሩ በውርጭ ነጭቷል።

«ነጩን ጋቢ አስቀምጪና ባናሽን ልበሺ። እንሂድ።»

«ባናው... ቤት ነው።»

«ቤት ምን ይሠራል?»

«ጃንጥላው ገባና እሱ ወጣ።»

ጋሼ ጃንጥላውን አዩ፣ እኔን አዩ። ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው የታቦት ዕቃ መሆኑ ትዝ ሲላቸው መልሰው ዘጉት። «እንግዲያው ከበቅሎዋ ጋር ቆዪ» አሉ።

ሦስት ወር ለምኜ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ፣ በቅሎ ልጠብቅ? በቅሎማ ሰፈሬ ሞልቷል! ጋቢውን አውልቄ መሬት ላይ ጣልኩት።

«ያለ ጋቢ እመጣለሁ።»

«ትንቀጠቀጫለሽ።»

«ድምፅ ሳላሰማ እንቀጠቀጣለሁ።»

ሂንድ ሳቋ አመለጣት። «ትምጣ፣ ጋሽ ደሳለ።»

«እሺ። ድምፅ ካሰማች ግን ትመለሳለች።»

አንዲት የጅብራ ተክል ሥር፣ ጓሳ ሣሩ ውስጥ በሆዳችን ተኛን። ውርጩ በቀሚሴ አልፎ ገባ። ጣቴ ጠፋኝ፣ ከዚያ እግሬ። ብዙ ቆየን። ድንገት ጋሼ አገጫቸውን ወደ ፊት ቀሰሩ፤ መጣ።

ከፎቶው ይበልጥ ቀይ ነው። እግሩ ረጃጅም፣ ጉሮሮው ነጭ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር። የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አፍንጫውን ደፍቶ ቆመ። እኔ ደግሞ ልክ ያን ጊዜ ጥርሴ ጀመረ። ገጭ፣ ገጭ፣ ገጭ። ከንፈሬን ነከስኩ፣ እምቢ አለ። ቀበሮው ቀና ብሎ ሁለቱንም ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ። የሂንድ ጣት ካሜራው ላይ ደረቀ። ጋሼ ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ፤ ሂጂ ማለታቸው ነው።

እጄ ወደ ደረቴ ሄደ። ጧፉን መዝዤ ጫፉን አፌ ውስጥ ከተትኩና ጥርቅም አድርጌ ነከስኩት።

ጸጥ አለ። ሰሙ ምላሴ ላይ ማር ማር ይላል።

ቀበሮው ጥቂት አዳመጠ፣ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ። ወደ ላይ ዘለለ፣ አፈሩ ተበተነ፣ ቀና ሲል ፍልፈሉ አፉ ውስጥ ነው። ተያየን። እሱ ፍልፈል ነክሶ፣ እኔ ጧፍ ነክሼ። ከዚያ ጥሎኝ ሄደ፣ ሳይቸኩል።

ስንወርድ ቤተ ክርስቲያኗ ዘንድ ቆምን። ቄስ ምሥጋናው ጃንጥላውን ዘርግተው እያዞሩ መረቁ፣ ከዚያ ጧፉን ተቀበሉ። አገላበጡት።

«ይህንንስ አይጥ በልቶታል» አሉ።

ጋሼ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። አይጡ እንደሆነ አይከራከር፤ ዝም ብል አለቀ። ግን የእማማ ባንችይርጋ ላም ትዝ አለችኝ፤ ወደ ቄሱ ጠጋ አልኩ።

«ይፍቱኝ፣ አባቴ። አይጥ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ጥርሴ ቀበሮውን ሊያባርርብኝ ሲል...»

«አየሽው?»

«ፍልፈል ሲይዝ አየሁት!»

«እኔ ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት» አሉና ፊታቸው ፈካ። ወዲያው ኮስተር አሉ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ። የሰው ስለት ግን ጎድሎ አይቀርም። የነከስሽውን ያህል አዲስ ጧፍ አንቺው ራስሽ ታመጫለሽ። በሰው መላክ የለም።»

ወደ ጋሼ ዞርኩ። «ሰሙ አይደል፣ ጋሼ? ተመልሼ መምጣት አለብኝ።»

ጋሼ የበቅሎዋን መጫኛ ጠበቅ አደረጉ። «ባናሽን ይዘሽ።»

«በአምስት ኪሎ?»

«በአምስት። ጧፉን ጨምሮ።»