ሲሞቅ ቤንዚን የምትጨምር ማኪና

አባቴ ማኪና የሚሠራው ግቢያችን ውስጥ ነው። ሞያውን ከጣሊያን ተማረ፤ ጣሊያኑ ሲወጣ መፍቻዎቹ ለሱ ቀሩ። ጎንደር ላይ "አያ አምባቸው ያልሠራውን ማኪና ቅበሩት" ይባላል።

ቤታችን የሚያውቀው ሌላ ነገር አለ። የአባቴ ዓይን ከደከመ፣ ቀለም መለየት ካቆመ ቆይቷል። ከአምስተኛ ክፍል ያስወጣኝ "እናትሽን አግዢ" ብሎ ነበር፤ የማግዘው ግን እሱን ነው። ደንበኛ ሲመጣ አባቴ ሞተሩን አዳምጦ፣ አንኳኩቶ "ትተኸው ሂድ፣ ነገ ና" ይላል። ሰውየው ከበር ሲወጣ እኔ ካቻቢቴዬን ይዤ ከጓዳ እወጣለሁ።

ያን ሐሙስ የመጣው ሹፌር ግን አልሄድም አለ። ዳኛው ይባላል፤ ወፍ የሚያጠና ፈረንጅ ይዞ ይዞራል። ማኪናዋ ቤት ያዘለች አሮጊት ናት። ከኋላዋ አልጋ አለ፣ ምድጃ አለ፣ መጋረጃ ሳይቀር አለ። እኛ ቤት እንኳ መጋረጃ የለም።

"ከመሪው ፊት፣ ክሩስኮቱ ላይ ያሉት መርፌዎች ሞተዋል፣ የቤንዚኑም የሙቀቱም" አለ ዳኛው። "ነገ በማለዳ ሊማሊሞን ልወርድ ነው። ቤንዚን ይኑረኝ አይኑረኝ፣ ሞተሬ ይፍላ አይፍላ ሳላውቅ ገደል አፋፍ ልቁም?"

"ትተሃት ሂድ።"

"ቤቴን ትቼ የት ልሂድ አያ አምባቸው? የማድረው እኮ እሷ ውስጥ ነው!"

አባቴ እኔ ወደቆምሁበት የቤቱ በር ዞረ። በዚያ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢ ተከናንበው በር ላይ ቆሙ። ከኮላ ድባ ነው የመጡት፤ ለማን እንደመጡ የእናቴ ፊት ይናገራል። ጎትታ ጓዳ ከተተችኝ።

"ድምፅሽ እንዳይሰማ! ልትታጭ ያለች ልጅ አትታይም።"

"ምነው፣ ሞሰብ ነኝ እንዴ የምከደን?"

"ዝም በይ፣ አንቺ ምላሳም!"

በበሩ ስንጥቅ አየሁ፤ ማኪናዋ እደጃችን ስለቆመች መርፌዎቹ ሳይቀሩ ይታዩኛል። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆመዋል። አባቴ "አባቶቼ፣ ይችን ላሰናብትና" ብሎ ከመሪው ሥር ተንጋለለ፤ እጁን ከክሩስኮቱ ጀርባ ሰደደ። የሽቦዎቹን ቀለም አቧራ በልቶታል፤ እኔ እንኳ በምራቄ አብሼ ነው የምለያቸው። እሱ በዳበሳ ፈታ፣ በዳበሳ ቋጠረ። እኔ ጓዳ ሆኜ ጥፍሬን በላሁ።

"አስነሣት" አለ።

ሞተሩ ተነሣ። የቤንዚኑ መርፌ ንቅንቅ ሲል ዳኛው አጨበጨበ። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ግን መርፌው ሽቅብ ይወጣ ጀመር፤ ወጣ፣ ወጣ፣ ሙሉው ላይ ደረሰ። የሙቀቱ መርፌ ከተኛበት አልተነሣም።

"ኧረ ጭላጭ ነው የነበረኝ!" ብሎ ዳኛው በሳቅ ፈረሰ። "ቃና ዘገሊላ! ሞተሩ በሞቀ ቁጥር ቤንዚን ይበዛልኛል! አያ አምባቸው፣ ከእንግዲህ ማደያ ምን ያደርግልኛል?"

አንደኛው ሽማግሌ ሳቀ። ታላቁ፣ አያ የሻው የሚሉት፣ ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ። አባቴ ተመልሶ ተንጋለለ፣ ቋጠረ፣ ወጣ። መርፌው እንደገና ሞላ። ደግሞ ሲገባ ሽቦዎቹን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ሲያገላብጥ ከጓዳ ሆኜ አየሁት።

እናቴ ቀሚሴን ይዛ ነበር። አስለቅቄያት ወጣሁ።

"አባባ፣ ፈቀቅ በልልኝ።"

ቀና ብሎ ሳያየኝ ፈቀቅ አለ። በጀርባዬ ገባሁ። ቦታው ስለማይበቃ እግሬ ከማኪናዋ ውጭ ቀረ፤ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን ወደ አጥሩ ሲያዞሩ የከዘራቸው ድምፅ ተሰማኝ። ባንድ እጄ ቀሚሴን ቁልቁል እጎትታለሁ፣ ባንዱ ሽቦ እፈታለሁ። የላላውን ሁሉ አባቴ አጥብቆታል። እሱስ መች አቃተው! ያቃተው ቀለም መለየት ነው፤ የቤንዚኑን ሽቦ ለሙቀቱ፣ የሙቀቱን ለቤንዚኑ ሰጥቷል። አቀያየርኋቸው። የቤንዚኑ መርፌ ወርዶ ባዶው አጠገብ ተኛ፤ የሙቀቱ ተነሣ።

"ሸጋ!" ብሎ ጮኸ ዳኛው። "ለካ ሞያው የሷ ነው! ምነው ደበቅሃት አያ አምባቸው? እጅ ነው እንጂ ይኼ!"

ዝም በል ልለው ፈለግሁ።  የሚያመሰግነው እኔን ነው፤ የሚመታው ግን አባቴን ነው።

"እሱ ነው ያስተማረኝ" አልሁ። እውነት ነው፤ ግን የማባበያ ውሸት መሰለ።

አያ የሻው ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ እኛ ሌላ ቀን እንመለሳለን።"

"ጉዳያችሁን ሳትነግሩኝ?"

"ጉዳዩማ ይቆይ። ሥራ ላይ ናችሁ።"

አባቴ እስከ በር ሸኛቸው። ዘይት የነካ እጁን ከኋላው ደብቆ፣ ሁለቴ እጅ ነሣ። እኔ የኮላ ድባውን ልጅ የማባርርበት ስንት ተንኮል አስቤ ነበር፤ ይኸው ሄዱ፤ ግን ባባቴ ውርደት ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

በማግስቱ ማለዳ ግቢያችን ያደረው ዳኛው ሞተሩን አስነሥቶ ተጣራ። "አንቺ ልጅ! ነይ ስወጣ የኋላ መብራቴን እይልኝ!"

አባቴ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ዳኛው የተጣራው በሱ ራስ ላይ አሳልፎ ነው። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ቀረሁ።

"ይጠራሻል፣ ሂጂ" አለ አባቴ።

"አንተ እይለት፣ አባባ።"

"እኔ ምን አያለሁ?" አለ፤ ሰው እየሰማው።

ዳኛውም ሰማ። ሊስቅ የከፈተውን አፉን ዘግቶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ እኔም ከበሩ ጀርባ ወጥቼ ወደ ማኪናዋ ኋላ ሄድሁ።