እልልታ በልቅሶ ሜዳ

ደረሰ ክርክር የገጠመው ገና ከሰቆጣ ሳይወጡ ነው። የተወለደበትን ዋግን ሊያስጎበኛቸው ከባሕር ዳር ያመጣቸው ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ፣ ይርዳውና እስከዳር፣ ይስቁበታል። ነገሩን የጫረችው እስከዳር ነበረች።

«ዋግ ሲባል እኮ እኛ የምናውቀው እርዳታና ልቅሶ ነው።»

«የምታውቁትማ ዜና ያጎረሳችሁን ነው!» አለ ደረሰ። «ላስታ ሲሆን ታሪክ፣ ዋግ ሲሆን ስንዴ! ቆይ፣ ስትመለሺ ምን እንደምታወሪ እንሰማለን።»

«አይ ደርዬ፣ ሳትደበድበን አድርሰን ብቻ» አለ መኪናውን የሚነዳው ይርዳው።

ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ሲደርሱ ግን እስከዳር ከአለት የተፈለፈለውን ቤተ ክርስቲያን ዞራ ዞራ አየች፤ ዓምዱን በመዳፏ ዳሰሰች። ስትወጣ «ይቅርታ፣ አፌን ዘጋኸው» አለችው። ደረሰ ደረቱን ነፍቶ መኪና ውስጥ ገባ።

ወደሚቀጥለው ደብር ቁልቁለቱን ሲወርዱ ከመንገዱ ዳር ካለ ሜዳ ከበሮ ተሰማ። ሕዝብ ከብቦ ቆሟል። በመካከሉ ኮርቻዋ በቀይ ከፋይ የተሸለመ፣ ማንም ያልተቀመጠባት በቅሎ በልጓሟ ተይዛ ትዞራለች።

«ምንድን ነው?» አለች እስከዳር መስኮቱን አውርዳ።

ደረሰ አየ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በቅሎዋ የሟች ናት። ልቅሶ አይቶ ሳይወርዱ ማለፍም ነውር መሆኑን ያውቃል። ግን የጠዋቱ ቀልድ ጆሮው ውስጥ ነበር። «እንኪ፣ ያልሽው ይኸው» ይበላት?

«ሰርግ ነው» አለ። «እንለፍ፣ ቄሱ ቁልፍ ይዘው ይጠብቁናል።»

«ሰርግማ አይታለፍም!» ይርዳው ፍሬን ያዘ። ደረሰ አፉን ሳይከፍት እስከዳር ወርዳ ሮጠች፤ ሰዉ መሃል ገብታም እልልታዋን አቀለጠችው።

ከበሮው ቆመ። ሀገሩን ከስድብ አድናለሁ ያለ ሰው የሀገሩን ሬሳ አሰደበ።

አባ አሥራተ ማርያም የሚባሉ ሽማግሌ ከሰዉ ወጥተው ወደ እሷ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ሞቱ ደስ አሰኘሽ?»

እስከዳር ነጠላዎቹን አየች፤ ገባት። ዞራ ከመኪናው ወርዶ የቆመውን ደረሰን አየችው። «እሱ ነው» ብትል ይበቃት ነበር። አላለችም።

«አባቴ፣ ይማሩኝ። የሀገሩን ወግ ያላወቅሁ እኔ ነኝ» ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች።

እሷ ስትሸፍንለት መቆሙ የደረሰን ፊት አቃጠለው። እግሩን እየጎተተ ቀረበ።

«ሰርግ ነው ያልኳት እኔ ነኝ፣ አባ።»

«አንተስ ሀገሩን አታውቅም?»

«እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

«የማን ልጅ ነህ?»

ከሁሉ የፈራው ይህን ነበር። «የደግሰው» አለ፤ ድምፁ አልወጣም። ሽማግሌው ጆሯቸውን አቅርበው ደግመው አስጠሩት።

«ደግሰው ልቅሶ አይቶ የሚያልፍ ልጅ ወለደ? በል ግባ!» ብለው ወደ አልቃሾቹ ገፉት።

ሊያለቅስ ሞከረ፤ እንባው እምቢ አለ። አቀርቅሮ ቆመ። የሟቹ ሚስት እማሆይ ጥሩሐረግ ከወዲያ ጫፍ ነበሩና የተባለውን አልሰሙም፤ የአባቱን ስም ሲነግሯቸው ብቻ እየተደገፉ መጥተው አንገቱን አቀፉት።

«የደግሰው ልጅ፣ ከዚያ ሁሉ አገር እኔን ብለህ መጣህልኝ? ክፉ አይንካህ ልጄ፤ ቀባሪ አያሳጣህ።»

እስከዳር አጠገባቸው ነበረች፤ ሰምታለች። ደረሰ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ «አሜን» አለ።