ባለቤቴ እንድትተኛ ብዬ ነው

"ተይ አትሳቂ፣ ስፒሉ ይወጋሻል!" አለች ልብስ ሰፊዋ ሦስት ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች።

ደንበኛዋ፣ ወጣቷ አስተማሪ፣ በርጩማ ላይ ቆማ የአዲስ ቀሚሷን ጠርዝ እያስለካች ነበር። ግን እንዴት አትሳቅ? ጥፋቱ የሬዲዮኑ ነው። ጠዋት ጠዋት የወንጀል ወሬ የሚያቀርብ ጋዜጠኛ አለ፤ እሱ ወንጀል ይበለው እንጂ የሚያመጣው ጉድ ጉዱን ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት አውቶብስ ሰርቆ፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ተሳፋሪ ሲጭንና ሲያወርድ፣ መልስ ሳያስቀር ሲሰጥ ስለዋለ ሰው አወራ። ከዚያ በፊት ደግሞ የሰው ቤት ሊሰርቅ ገብቶ፣ ሶፋው ተመችቶት፣ ባለቤቶቹ መጥተው እስኪቀሰቅሱት ስላንኮራፋው ሌባ። ልብስ ሰፊዋን ይህ ዝግጅት አያመልጣትም። የታክሲ ሹፌር ሚስት ናትና የምትሰማው ለሳቅ አይደለም። ማን የት እንደተዘረፈ ማወቅ ስላለባት ነው።

"አሁን ደግሞ" አለ ጋዜጠኛው ሳቁን መቆጣጠር እያቃተው፣ "ባለፈው ማክሰኞ አንድ የታክሲ ሹፌር የገጠመውን ልንገራችሁ። ተሳፋሪው ከኋላ ተቀምጦ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ማጅራቱ ላይ ደገነበት። ስልኩን ተቀበለው፣ ገንዘቡን ተቀበለው። ቀጥሎ ምን ቢለው ጥሩ ነው? 'ጫማህን አውልቅ!' እንዳይከተለው ብሎ ነው። ቡናማ ጫማ ከነቢጫ ማሰሪያው ይዞ እብስ!"

የልብስ ሰፊዋ እጅ ቀሚሱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ቢጫ ማሰሪያ! ቡናማ ጫማ ላይ ቢጫ ማሰሪያ አስሮ የሚዞር በዚህ ከተማ ስንት ሰው አለ? ማሰሪያውን የገዛችው እሷው ናት። ባለሱቁ ቡናማው አልቆበት ቢጫ ሲሰጣት እያመነታች ነበር የተቀበለችው፤ ባሏ ግን "ምን አባቱ፣ ማሰሪያ ማሰሪያ ነው" ብሎ አሰረው። ማክሰኞ ዕለት ይኸው ባሏ በነጠላ ጫማ ወደ ቤት ገባ። "ሶሉ ተላቆ ጫማ ሰፊ ጋ ሰጠሁት" አላት። ስልኩስ ስትለው "ውሃ ውስጥ ወደቀብኝ" አላት። ሁለቱንም አመነችው። ሃያ ስድስት ዓመት አብሯት ኖሮ ዋሽቷት የማያውቅ ሰው ነዋ!

"ቆይማ፣ ገና መች አለቀ!" አለ ጋዜጠኛው። "ይህ ሹፌር በሕግ የተፈቀደለት ሽጉጥ ነበረው። እንደምታውቁት፣ ፈቃድ ያለው ሹፌር ሽጉጡን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ፣ ጥይቱን ለብቻው አድርጎ፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ማስቀመጥ አለበት። ፖሊስ ሣጥኑን አስከፈተው። ሽጉጡ አለ። የጥይቱ ማስቀመጫ ግን ባዶ! አንድ ፍሬ የለም፤ ለካ ገዝቶም አያውቅም! 'ታዲያ ሽጉጡን ምን ልሁን ብለህ ይዘህ ትዞራለህ?' ቢሉት ምን አለ መሰላችሁ? 'ባለቤቴ እንድትተኛ ብዬ ነው።'"

አስተማሪዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋ በርጩማውን ሳይቀር አነቃነቀው።

"ወይ ጉድ! እትዬ፣ የማን ባል ይሆን ይሄ ጅል?"

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣችና አንድ በአንድ መሰኪያው ላይ ሰካቻቸው።

"የኔ" አለች።

የአስተማሪዋ ሳቅ አፏ ላይ ደረቀ። "እትዬ... አፈር ልብላ! በሞትኩት! አላወቅሁም እኮ!"

"አንቺ ምን አጠፋሽ። በይ ውረጂና ልብስሽን ቀይሪ፣ የኔ ልጅ። ቀሚሱን ነገ መጥተሽ ትወስጃለሽ።"

ብቻዋን ስትቀር ሬዲዮኑን አጠፋችው። መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው፤ ደሟ ፈላ። ስለ እንቅልፏ ከተማው ሁሉ ሰማ! ቀጥሎ ግን ማክሰኞ ታሰባት፤ ያን ዕለት፣ እሷ እዚህ ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክል፣ የሰው እጅ ማጅራቱ ላይ ነበር።

ሽጉጡን ግዛ ያለችው እሷ ናት። ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሁለት ቤት በኋላ የሚኖር ሸበቶው የሚባል ሹፌር አለ፤ ዓምና ሁለት ዘራፊዎች ደብድበው መንገድ ዳር ጥለውት ሄዱ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። እሱን ጠይቃ በተመለሰች ቁጥር እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። መኪና ድምፅ ባሰማ ቁጥር ከአልጋዋ ብድግ። ሹፌሮች መሣሪያ መያዝ ይችላሉ የሚለው ሕግ እንደ ወጣ "ወይ ትገዛለህ፣ ወይ መኪናዋን ትሸጣታለህ!" ብላ ቁም ስቅሉን አሳየችው። ባሏ ደግሞ ባልደረቦቹ "ቀስታ" ብለው ስም ያወጡለት፣ መንገድ ላይ ለተኛ ውሻ ሞተር አጥፍቶ የሚጠብቅ ሰው ነው። ሽጉጥ እሱ እጅ ላይ ምን ሊመስል! ሆኖም ገዛ። ከዚያ ወዲህ ተኛች። ማታ ማታ ከበር ሲገባ ትጠይቀዋለች፤ "ሣጥኑን ቆልፈሃል?" "ቆልፌያለሁ።" "ጥይቱስ?" "ለብቻው ነው።"

አልዋሸም እኮ። ጥይቱ ለብቻው ነበር፤ መሸጫው ቤት!

ባሏ ለምሳ ሲመጣ በሩን የከፈተው ከወትሮው ቀስ ብሎ ነው። አጭር፣ ደልደል ያለ ሰውዬ፣ ዛሬም በነጠላ ጫማ። ዓይኗን አየና ገባው።

"ሰማሽ?"

"ሰማሁ።"

"ሹፌሮቹም ሰምተዋል። ተራ መጠበቂያው ጋ መቆሚያ አሳጡኝ። 'ቀስታ፣ ሚስትህ ተኛች ወይ?' ይሉኛል።"

"ደግሞ ትቀልድብኛለህ!" ጮኸች። "ባዶ ብረት አሸክሜህ ስድስት ወር ሙሉ ተኛሁ! እንደ ቂል ተኛሁ!"

"ሐሳቡስ እሱ አልነበር?"

"አንተ ሰውዬ፣ እንዳትስቅ! ቢገድልህስ?"

"አልገደለኝማ።"

"ቢገድልህስ ነው ያልኩህ!"

ባሏ በርጩማው ላይ ተቀመጠና መሬት የወደቀ ቁራጭ ጨርቅ አንስቶ ጣቱ ላይ መጠቅለል ጀመረ።

"ፀጉር ማድረቂያ ነበር" አለ በመጨረሻ።

"ምኑ?"

"በፎጣ የጠቀለለው። ሶኬቱ ከፎጣው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። በመስታወት አየሁት።"

"አይተህ ነው ጫማህን ያወለቅከው?"

"አይቼ ነው።"

"ለምን? እኮ ለምን?"

"እንዳያፍር።"

"ማን? ሌባው እንዳያፍር?"

"ትልቅ ሰው ነው" አለ ባሏ፣ ቁራጩን ጨርቅ እየፈታ መልሶ እየጠቀለለ። "እኔን የሚያክል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ስልኬን ሲቀበለኝ 'ይቅርታ ወንድሜ' ይለኛል። ሶኬቱን እያየሁ 'በእናትህ አትተኩስ' አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? 'ሶኬትህ ወጥቷል፣ ከተው' ልበለው?"

ሳቋ ሳታስበው አመለጣት። መሳቋ አናደዳትና ለማቆም ስትሞክር እንባዋ መጣ፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ምን እየሆነች እንደሆነ ለራሷም ጠፋት። ባሏ ተነስቶ ራሷን ደረቱ ላይ አስጠጋት። ሸሚዙ ቤንዚንና ሳሙና ይሸት ነበር። አንጀቷን በላው።

"አሁንማ እንስቃለን" አላት። "ግን ሶኬቱን ያየሁት ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ማጅራቴ ላይ ሲያርፍብኝ ምንም አላየሁም፤ ዓለም ጨለመብኝ። ያኔ ጥይት የጎረሰ ነገር ጎኔ ቢኖር ኖሮ ዞሬ ነበር የምለቅበት። ያ ሰውዬ ከነፀጉር ማድረቂያው እዚያው ይቀር ነበር።"

"የሚቀጥለውስ?" አለች ከደረቱ ቀና ብላ። "ሶኬት የሌለው ቢመጣስ? ሸበቶውን እንደዚያ ያደረጉት ፀጉር ማድረቂያ አልያዙም።"

"አውቃለሁ።"

"ማወቁ ምን ይሠራልኛል?"

"ምንም።" ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣና የስፌት መኪናው ላይ አኖረው። "ፖሊስ ጣቢያ የሰጡኝ ነው። አንዴ የተዘረፈ ሹፌር ከእንግዲህ ሽጉጡን አጉርሶ ከመቀመጫው ጎን መያዝ ይችላል። ሣጥን የለ፣ ቁልፍ የለ። ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከመለስኩላቸው ጥይቱንም ዛሬውኑ መግዛት ይፈቀድልኛል። ግን የትዳር ጓደኛ ፊርማ ይጠይቃል። አልስማማም ካልሽ ደግሞ የድሮውም ፈቃድ ይሰረዛል፤ ሽጉጡን ይወስዱታል።"

"አንተ ምን ትፈልጋለህ?"

"አንቺ ሰላም እንድትሆኚልኝ።"

"እሱን አልጠየቅኩህም!"

"እኔማ እፈራለሁ" አለ። ድምፁ ዝቅ አለ። "ሸበቶውን ባየሁ ቁጥር እኔም እፈራለሁ። ማክሰኞ ዕለት ከሄደልኝ በኋላ መንገድ ዳር አቁሜ ግማሽ ሰዓት መሪውን መያዝ አቅቶኝ ነበር። ግን ዋሽቼሻለሁ፤ ሁለተኛ አልዋሽሽም። ፈርሚልኝና ጥይቱን ዛሬ ገዝቼ እመጣለሁ። ፍሬ በፍሬ አሳይሻለሁ።"

ወረቀቱን ዘርግታ አነበበችው። ታች፣ ከፊርማው በላይ፣ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች አሉ፤ እስማማለሁ፣ አልስማማም። ስድስት ወር ሙሉ እንዲህ ያለ ወረቀት በሕልሟም ቢመጣላት እያነበበች ሳይሆን እየሮጠች ነበር የምትፈርመው። ዛሬ ጠዋት እንኳ፣ ሬዲዮኑን እንዳጠፋች ቢሰጣት፣ በሁለት እጇ ትፈርም ነበር።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች። "ገዛኸው እንበል። ጎንህ አለ። ያ ሰውዬ መልሶ ቢመጣ፣ ሶኬቱን ከማየትህ በፊት፣ ትተኩሳለህ?"

 ደጅ ላይ የጎረቤት ልጆች ኳስ ሲያሳድዱ አለፉ። ባሏ በመስኮት በዓይኑ ሸኛቸው።

"አንቺ ከፈረምሽልኝ በኋላማ እተኩሳለሁ" አለ። "ላንቺ ስል እተኩሳለሁ።"

ይህን ያለው 'ስመለስ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ' በሚልበት ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዋን ብርድ ብርድ ያላትም እሱ ነው። ታውቀዋለች። ዳቦ አመጣለሁ ካለ ዝናብም አይመልሰው፣ ያመጣል። ቢሞትባት ትሞታለች፣ ይህ ጥያቄ የለውም። ግን ይህ ለሌባ ኀፍረት አዝኖ ጫማውን የሚያወልቅ ሰው፣ እሷ ፈርማ ልካው፣ ሰው ገድሎ ቢመለስ ከማን ጋር ልትኖር ነው? በዚያ በር የሚገባው ማን ይሆናል? እስከ ዛሬ ስለ ሌባ ስታስብ ስለዚህ አንድም ቀን አላሰበችም።

የደንበኞቿን ልክ ከምትጽፍበት ደብተር ላይ እስክሪብቶዋን አነሳች።  "አልስማማም" የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረገች፤ እንዳይሳሳቱ ብላ ከጎኑ በጉልህ ፊደል አልስማማም ብላ ደግማ ጻፈችና ፈረመች።

ባሏ ወረቀቱንና እሷን አፈራርቆ አየ።

"እንዴ! እንቅልፍሽስ?"

"እንቅልፌ የራሴ ጉዳይ ነው። በል ተነስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መልስላቸው። ምሳህን ቋጥሬልሃለሁ፣ መኪና ውስጥ ትበላለህ።"

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ ኮሌታውን ያዘችው።

"ስማኝ" አለችው። "ከዛሬ ጀምሮ ማንም ይምጣ ማን፣ ፎጣ ይያዝ መድፍ ይያዝ፣ ያለህን ሁሉ ስጠው። ስልኩን ስጠው። መኪናዋን ስጠው። ሱሪህንም ካለ ስጠው፣ እኔ ሌላ እሰፋልሃለሁ። ጀግና እንዳትሆንብኝ። በእግርህ ና፣ በካልሲ ና። ብቻ ና። ሰማኸኝ?"

"ሰማሁሽ።"

"ድገምልኝ እስኪ።"

"ብቻ እመጣለሁ" አላት። ግንባሯን ሳማትና ወጣ።

የመኪናዋ ድምፅ ጥግ እስኪዞር ድረስ በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ ገባችና የስፌት መኪናዋን ዘወትር ከምትቆምበት ከጓዳው ግድግዳ ጎተተቻት፤ ከባድ ናት፣ ሁለቴ አርፋ ነው የጨረሰችው። መንገዱ ወደሚታይበት መስኮት አስጠጋቻት፣ መብራቷንም እዚያው ሰካች። ከእንግዲህ ማታ ማታ፣ እሱ እስኪመጣ፣ የምትሰፋው እዚያ ሆና ነው።