የሰኔ ሚካኤል ዕለት የሄደችው ጎጆ

ከጥርባ ሐይቅ በላይ ባለው ጥብቅ ደን ውስጥ፣ ወደ እንጅባራ ገበያ በሚያሻግረው የእግር መንገድ ላይ፣ ድሮ የመንገደኛ ማረፊያ ጎጆዎች ነበሩ። ዝናብ የያዘው ይጠለልባቸዋል፣ የመሸበት ያድርባቸዋል፣ ከሚስቱ የተጣላ ደግሞ ይሰነብትባቸዋል። አሁን የሉም። አንዷን ምስጥ በላት። ሌላዋን መንገደኛው ራሱ አንድ አንድ እንጨት እየመዘዘ እሳት ሲሞቅባት ከርሞ፣ በመጨረሻ ምሰሶዋን የሞቀው ሰውዬ «ኧረ እዚህ የነበረችው ጎጆ የት ሄደች?» ብሎ ጠየቀ ይባላል። ያገሬን ሰው ስለማውቀው አልገረመኝም። የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም የአያ ሽባባው ጎጆ ናት።

አያ ሽባባው የደኑ ዘበኛ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ጠመንጃውን አስረከበ፤ ጎጆዋን ግን አስረክብ ያለው ስላልነበረ እዚያው ቀረ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው፤ ብቻውን ነው የምለው ግን ለአፍ ያህል ነው። በገበያ ቀን ጎጆዋ ጢም ትላለች። እሱ ድንች ይቀቅላል፣ መንገደኛው ወሬ ያመጣል፣ ሁለቱም በትኩሱ ይበላል። ወሬ ካልሰማ ድንቹ ራሱ በጉሮሮው አይወርድለትም። ዳንግላ ቤት የሠራው ልጁ «ይምጡና ከእኔ ጋር ይኑሩ» እያለ ሲለምነው፣ አንድ ጊዜ ሄዶ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ከምራቱ ጋር የቱርክ ድራማ ሲያይ ሰነበተ። «ይሄ ቴሌቪዥን ሲያወራ ይውላል፤ እኔ ስናገር ግን አይሰማም። የማይሰማኝን ለምን እሰማለሁ?» አለና ተመለሰ።

ታዲያ በግንቦት ውስጥ አስቻለው የሚባል ወጣት ባለሙያ ከደን ጽሕፈት ቤት መጣና ሕዝቡን ሰብስቦ ውሳኔ አነበበ። ነጭ ቀለም በተቀቡት የወሰን ድንጋዮች ውስጥ ያለ አሮጌ ጎጆ ሁሉ በሰኔ ይፈርሳል። ምክንያቱም ተዘረዘረ፤ የእሳት አደጋ፣ ንጽሕና፣ የደኑ ገጽታ። አያ ሽባባው ከዚያ ሁሉ ቃል የያዘው «ይፈርሳል» የምትለዋን ብቻ ነው። ጎጆዋ ከፈረሰች ዳንግላ ነው፤ ዳንግላ ከሆነ ሶፋው ነው። ሞትን እንኳ እንደዚያ ሶፋ ፈርቶት አያውቅም።

ዘዴውን ያመጣችው ዋጋዬ ናት። ዋጋዬ ከወሰኑ ድንጋይ ውጭ የምትኖር ባለጠላ ስትሆን፣ ድምፅዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል አያንስም። ስብሰባው ላይ ስላልነበረች አያ ሽባባው ሊነግራት ሄደ።

«በድንጋዩ ውስጥ ያለው ነው የሚፈርሰው?» አለችው።

«አዎ።»

«ከድንጋዩ ውጭ ያለውስ?»

«ስለ ውጭ እንኳ ያነበበው ነገር የለም።»

«እንግዲያ እናውጣታ!»

በእኛ አገር ቤት ተሸክሞ መሄድ ብርቅ አይደለም። ደቦ ይጠራል፣ የግድግዳው ሥር ዙሪያውን ይቆፈራል፣ ረጃጅም አጣና ይታሰራል፣ ወንዱ ሁሉ ተጋግዞ ሆ! ብሎ ያነሳዋል። ጠላው ከደረሰ እንኳን ቤት ተራራ ይነሳል። ችግር የሆነው ቀኑ ነው። ወቅቱ የእርሻ ነው፤ ሰው ሁሉ ከበሬው ተለይቶ አንድ ላይ የሚገኘው በሰኔ ሚካኤል ነው። «በሚካኤል ቀን ሥራ ይሆናል ወይ?» ብለው ቄስ እንየውን ጠየቁ። ቄስ እንየው ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፣ «የተከለከለው ማረስ ነው። ቤት ይዞ መሄድ ግን መንገድ መሄድ ነው፤ መንገድ ደግሞ በበዓል አልተከለከለም» አሉ። እሳቸውም ዝናብ ሲይዛቸው የሚጠለሉት እዚያችው ጎጆ ነው። ፍርዱን ያቀለለላቸው ይኸው ይመስለኛል።

የጎጆዋ ሥር በዋዜማው ተቆፍሮ አደረ። በበዓሉ ቀን ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ፣ ጠላውን ቀምሶ ሲሰበሰብ ጥርባ ላይ ጥቁር ደመና ተከምሯል። «ዝናቡ ሳይቀድመን!» እያለች ዋጋዬ ታጣድፋለች። አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ የመሐሉን ምሰሶ ቀጥ አድርጎ ይዞ መሄድ አለበት፤ ምሰሶው ካዘነበለ ጣራው ያዘነብላል፤ ጣራው ካዘነበለ ደቦው ይበተናል። ይህ የባለቤቱ ሥራ ነው። አያ ሽባባው ጨለማው ውስጥ ገብቶ ምሰሶውን አቀፈ። በሩ ወዲያ ወዲህ እንዳይል ከውጭ በገመድ ጠፈሩት። ዋጋዬ ጮኸች፣ ወንዱ ሆ! አለ፣ ጎጆዋም ከመሬት ተነሳች።

በግድግዳው ሥር ብርሃን ገባ። ዙሪያውን የሸካሚው እግር ታየ። አያ ሽባባው ዞር ሲል ደግሞ መደቡ ላይ ሁለት ቡት ጫማ አየ። ቡቶቹ ውስጥ እግር ነበር፤ ከእግሮቹ በላይ ደግሞ የዝናብ ካፖርቱን ተከናንቦ የሚያንኮራፋ አስቻለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስቻለው በጠዋት ጎጆዋን ለማየት ብቻውን መጣ። ዋጋዬ ለሚካኤል ስትል ላለፈ ላገደመው ሁሉ ጠላ ትሰጣለች፤ ማንነቱን ሳታውቅ ለእሱም ቀዳችለት። የከተማ ጠላ መስሎት ደገመ። ጎጆዋ ጋ ሲደርስ ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ትንሽ ልረፍ አለና ጋደም አለ። የዋጋዬን ጠላ ጠጥቶ ደግሞ ትንሽ ልረፍ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ አይነሳም፤ እሱንም ያነሳው የኋላው ግድግዳ ነው። ጎጆዋ ወደፊት ስትሄድ ግድግዳው መጥቶ ጎኑን ገጨውና ከመደቡ አወረደው።

«አያ ሽባባው! ግድግዳው እየመጣብኝ ነው!»

«ምንም አይደል ልጄ፣ ዝም ብለህ ተራመድ» አለው።

«ቤቱ እየሄደ ነው እኮ!»

አያ ሽባባው ውሸት አያውቅበትም። ሶፋው ፊቱ ላይ ድቅን ሲልበት ግን ዋሸ። «ቤቱ አይደለም፣ መሬቱ ነው የሚንሸራተተው። ሰኔ ሲገባ እዚህ ያለ ነው።»

አስቻለው የተማረ ሰው ነው። «መሬት ወደ ዳገት ይንሸራተታል?»

«የዚህ አገሩ ይንሸራተታል።»

«እነዚህ እግሮችስ?»

«የሚሸሹ ሰዎች ናቸው።»

«ከነቤቱ?»

«ቤቱን ለማን ትተው ይሽሹ?»

ውጭ ዋጋዬ በአገሩ ቋንቋ በአውኛ ዘፈን ታወርዳለች፣ ወንዱ ይቀበላታል። «እየዘፈኑ ነው የሚሸሹት?» አለ አስቻለው።

«ሲፈሩ እንዲያ ያደርጋቸዋል።»

በዚህ መሐል በረዶው ወረደ። መሬቱ ላቆጠ፤ ሸካሚው ተንሸራተተ፣ ጎጆዋ ወደ ጎን ዘመመች፣ ምሰሶውም ከአያ ሽባባው ክንድ ሾልኮ ሊሄድ ሆነ። «ያዝ!» ብሎ ጮኸ። አስቻለው ሳያስበው ዘሎ በሁለት እጁ አቀፈው። ሁለቱ ምሰሶውን መሐል አድርገው፣ አፍንጫ ላፍንጫ ተፋጠው ቆሙ፤ ቆሙ ስል እየተራመዱ ነው። አያ ሽባባው ያን ያህል ቀርቦት መዋሸት አቃተው።

«ጎጆዬን እያሸሸኋት ነው፤ ካንተ። እሷ ከፈረሰች ሰው የሚባል አይመጣልኝም። ብቻዬን መሆን እፈራለሁ ልጄ።»

አስቻለው ቀና ብሎ ጣራውን አየ። በረዶው ጣራው ላይ ይንጫጫል።

«አሁን ብለቀውስ?»

«ጣራው በኔም ባንተም ላይ ነው።»

«እርስዎስ ጥሩ አድርገው ነው የያዙኝ!» አለና ምሰሶውን ጠበቅ አደረገ። ከድንጋዩ በፊት ያለውን ወንዝ ሲሻገሩ ውሃው ቡቱ ውስጥ ገባ፤ ወንዙንም፣ ጠላውንም፣ ይህን ሥራ ያስቀጠረውን አጎቱንም ረገመ። ትንሽ ቆይቶ ግን «ድንጋዩ ገና ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ገና አልነበረም። ነጩ የወሰን ድንጋይ በፊተኛው ግድግዳ ሥር ገብቶ፣ በመሐላቸው አልፎ፣ በኋላኛው ግድግዳ ሥር ወጣ።

«ወጣን!» ብሎ የጮኸው አስቻለው ነው።

ጎጆዋ ከዋጋዬ አጥር ጥግ ተቀመጠች። በሩ ሲፈታ አንድ ሰው ገብቶ ሁለት ሰው ወጣ፤ ሁለተኛው ማን እንደሆነ ሲታወቅ የደቦው ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዋጋዬ ግን ጠላ ቀድታ፣ ንፍሮ ዘግና ቀረበች። «የደቦ ነው። ሠርተሃል፣ ብላ።» የደቦን ንፍሮ የቀመሰ ደቦውን አይከስም፤ እሱም ያገር ልጅ ነውና ይህን ያውቃል። ንፍሮውን አየ፣ በጭቃ የተለወሰ ሱሪውን አየ፣ ወደ ደኑም ዞሮ አየ።

«አፍርስ የተባልኩት በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ነው» አለ። «እዚያ የቀረው መደብ ብቻ ነው። መደብ ደግሞ ጎጆ አይደለም።» ንፍሮውንም ቃመው።

እልልታው ቀለጠ። አያ ሽባባው የዚያን ዕለት ያልጨፈረው ጉልበቱ እምቢ ስላለው ብቻ ነው። ደስታው የዘለቀው ግን እስከ ገበያው ቀን ነው። እንደ ልማዱ ማልዶ ድንቹን ቀቀለና በሩ ላይ ተቀመጠ። ሰው የለም። ያን ጊዜ ነው ያገሩ ብልህ ሁሉ የዘነጋው ነገር የታየው፤ ጎጆዋን አወጧት እንጂ መንገዱን አላወጡትም። መንገዱ እዚያው ጫካው ውስጥ ነው። ዝናቡ ጀመረ፣ ድንቹ ቀዘቀዘ። አያ ሽባባው አለቀሰ፤ እንደ ልጅ እየተነፋረቀ አለቀሰ። ከዚያም ዳንግላ ሊሄድ ቁርበቱን መጠቅለል ያዘ።

አጎንብሶ ሲጠቀልል አንድ አህያ በሩ ላይ አንገቷን አስገባች። ከኋላዋ የሻረግ የምትባል የገበያ ሴት፣ ከነሽንኩርቷ ርሳ፣ ዓይኗ ቀልቶ ቆማለች።

«ይሄ ምን ዓይነት መንገድ ነው! ተከትዬው ተከትዬው እሰው ቤት ከተተኝ!»

ወጥቶ አየ። የደቦው እግር ከባዶው መደብ ጀምሮ እሱ በር ድረስ ሣሩን ደፍጥጦ፣ ቁጥቋጦውን ሰባብሮ፣ አንድ ሰፊ የጭቃ ጎዳና አውጥቷል። አሮጌው መንገድ ከጎኑ የፍየል መሄጃ መስሏል። በዚያ ጎዳና ላይ ባለአህያው፣ ባለፈረሱ፣ ባለቅርጫቱ ተከታትሎ ይመጣል፤ ሁሉም መንገዱ ጠፍቶበታል፣ ሁሉም ይሳደባል። ቄስ እንየው ሳይቀሩ ከበቅሏቸው ላይ ሆነው ይቆጣሉ።

«ሽባባው! እንጅባራ በየት ነው?»

«በዚያ ነው፣ አባቴ። አልፈውታል።»

«ታዲያ ይህን የማይረባ መንገድ ለምን አትዘጋውም?»

«ዝናቡ እስኪያባራ ግቡ» አለ አያ ሽባባው። ግድግዳው እስኪጨናነቅ ገቡ። ስለ መንገዱ ሰደቡት፣ ስለ ጭቃው ሰደቡት፣ ስለሚያልፋቸው ገበያ ሰደቡት። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ተሰድቦ አያውቅም። ቁርበቱን መልሶ ዘርግቶ አስቀመጣቸውና ድስቱን ጣደ። የሻረግ የመጀመሪያውን ድንች ቀምሳ፣ ጨው የለውም አለች።