የሐጂ ሰብሪ አንዲት ቃል

ሐጂ ሰብሪ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ከሆነ ወዲህ አፋቸው ውስጥ የቀረችው ቃል አንዲት ናት፤ «አልብሱ»። በደማስቆው የሻጉር ሰፈር እንደሳቸው ያለ ተረበኛ አልነበረም። ያ ሁሉ ነገር ጥሏቸው ሄደና ይህቺ ብቻ ታማኝ ሆና ቀረች።

«በርዶታል» አሉ እህታቸው ወዲዓ። ብርድ ልብስ ተጨመረ። «አልብሱ!» ካፖርት ተደረበ። «አልብሱ!» የሟች ሚስታቸው የሱፍ ሻል ሳይቀር አንገታቸው ላይ ተጠመጠመ። የበጋው ሙቀት ደማስቆን የሚያነድበት ወር ነው፤ ላባቸው በጢማቸው ይወርዳል። ሐጂ በደህናው እጃቸው ሻሉን አሽቀንጥረው ጣሉት።

«አልብሱ ትላለህ፣ ስናለብስህ ትቆጣለህ፤ ምን ይሻለናል ካንተ ጋር?» አሉ ወዲዓ። ከዚያ ወደ እንዓም ዘንበል ብለው፣ «መገነዣ ከፈኑን ይሆን እንዴ? ከመካ ያመጣው ሳጥን ውስጥ አለ እኮ» ብለው አንሾካሾኩ።

«አክስቴ፣ በፈጠረሽ፣ ሟርትሽን ተይ!»

እንዓም የሐጂ አንድ ልጅ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአባቷ ጋር የሰው ሠርግ ከረሜላ ስትሠራ ኖራለች። ስሙ ምለበስ ነው፤ የለበሰ ማለት፤ ራቁቷን የመጣች ለውዝ ስኳር ለብሳ ስለምትወጣ። የሰፈሩ ሴቶችም ሊገዙ በመጡ ቁጥር «ያንቺንስ ምለበስ መቼ ነው የምንበላው?» እያሉ ይወጓታል። በሠላሳ ስድስት ዓመቷ መጽሐፍ ጠራዡ ሙኒር ቀለበት አሰረላትና አፋቸው ተዘጋ። ሠርጉ ወር ሲቀረው አባቷ ወደቁ።

«አባቴን እንዲህ ጥዬ ሙሽራ አልሆንም» አለች። ማንም አላስገደዳትም። ቀለበቱን በመሀረብ ቋጥራ አስቀመጠችው፤ ዛሬ የሙኒር እናት መጥተው ሊወስዱት ነው። ሙኒርን ትወደዋለች፤ ሌሊቱን ሁሉ ስታለቅስ አድራ ዓይኗ አብጧል።

ቋጠሮውን ከመስኮቱ ላይ ስታነሳ ሐጂ አዩ። «አልብሱ!» ብለው ጮኹ። ወዲዓ ሌላ ልብስ ፍለጋ ተነሱ። እንዓም ግን የአባቷን ደህና እጅ አየች። እጁ አየር ላይ ይሄዳል፤ ወደፊት ገፋ፣ ወደኋላ ሳብ። ይህን አካሄድ ታውቀዋለች። በሰንሰለት የተንጠለጠለውን የመዳብ ትሪ ከፍሙ በላይ የሚያወዛውዙት እሳቸው፣ የቀለጠውን ስኳር ለውዙ ላይ የምታፈሰው እሷ ነበረች። ሥራ ሲጀመር የሚሏትም «አልብሺ!» ነበር።

«አባባ፣ ለውዙን ነው እንዴ?»

እጁ ቆመ።

«የኔን ምለበስ?»

ሐጂ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እንባቸው በላባቸው ላይ ወረደ።

«ውይ በሞትኩት!» አሉ ወዲዓ ብርድ ልብሱን እየገፈፉ፣ እያለቀሱም እየሳቁም። «እኛ ደግሞ ሰውየውን በቁሙ ምለበስ አደረግነው!»

የሙኒር እናት ሲደርሱ ሐጂ ሥራ ቤቱ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እንዓም እጅጌዋን ሰብስባ ፍም ታራግባለች። ሴትየዋ የተዘረገፈውን ለውዝ አዩ፣ የእንዓምን ያበጠ ዓይን አዩ። ስለ ቀለበቱ ምንም አልጠየቁም። ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ለውዝ ሊልጡ ቁጭ አሉ።

ምለበስ ጥድፊያ አይወድም፤ አንዱ ልብስ ሳይደርቅ ሌላው ከተደረበ ይሰነጠቃል። በሦስተኛው ቀን እንዓም አንዷን አንስታ አባቷ አፍ ውስጥ አደረገች። ሐጂ በደህናው ጉንጫቸው አላመጧት።

«ሳሳ» አሉ።

አዲስ ቃል ነበረች። እንዓም በስኳር በነጣ እጇ አፏን ያዘች።

«ስኳሩ ነው የሳሳው ወይስ አንተ?» አሉ ወዲዓ።

ሐጂ ልጃቸውን ብቻ ያያሉ። እንዓም መሀረቡን ፈትታ ቀለበቱን አጠለቀችና ማንኪያውን አነሳች።

«እሺ አባባ፤ አንድ ልብስ እጨምርላታለሁ።»