መጀመሪያ ያጨበጨበው ሰው

«እሱ ሲያጨበጭብማ ጣሪያው የወረደ ነው የሚመስለው!» አለ የማተሚያ ቤቱ ፎርማን፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ። «አንድ ቀን የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ራሱ ደንግጦ የንግግሩ ወረቀት ከእጁ ወድቋል!»

ለቀስተኛው ሳቀ። በለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው የሚል ካለ፣ ሟቹን አያውቀውም። ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት መጽሐፍ ሲጠርዝ የኖረ፣ መዳፉ አካፋ የሚያህል ሰው ነበር። በዚያ ክፉ ዘመን የመሪው ስም በተነሣ ቁጥር ጭብጨባውን የሚጀምር ሰው ያስፈልግ ነበርና፣ ያንን መዳፍ ያዩ አለቆች ሥራውን ለእሱ ሰጡት። ያ መንግሥት ከወደቀ ከስንት ዓመት በኋላ፣ በገዛ ልጁ ሠርግ ላይ ደስ ብሎት ቢያጨበጭብ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው በሙሉ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። ሙሽራውም ምን እንደመጣ ሳይገባው አብሮ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ልጁ፣ ያቺው ሙሽራ፣ አሁንም ከሰው ጋር ትስቃለች። ማልቀስ ግን አቃታት። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ አንዲት ጠብታ እንባ የለም። ምክንያቱን ታውቀዋለች፤ አንድ ረቡዕ ነው።

ያን ረቡዕ የመሪው ፎቶ ደብዝዞ ታተመ። ቀለም አልቆ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ሊቀመንበሩ ግን ፎቶውን ያተመውን የማሽን ሠራተኛ መድረክ ላይ አቁሞ «ይህ ሰው ጠላት ነው፤ ይታሰር!» አለ። አዳራሹ ጭጭ አለ። ከዚያ አባቷ አጨበጨበ። ሰውየው ስድስት ዓመት ታሰረ። ትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ላይ ከእሷ ጋር የምትቀመጠው የሰውየው ልጅ፣ በማግሥቱ ደብተሮቿን ሰብስባ ወደ ኋላ ወንበር ሄደች። እንዲህ ላደረገ ሰው ይለቀሳል? አባትስ ቢሆን?

ከሰዓት በኋላ አንድ ቀጭን ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመ። ሳቁ ተቋረጠ። የማሽን ሠራተኛው ነበር።

«መቼም» አለ ፎርማኑ ቶሎ ብሎ፣ «እሱ ባይጀምር እኛ እናጨበጭብ ነበር እንዴ? ነፍሱን ይማረውና፣ ጥፋቱ የእሱ ነው።»

«እሱ ጀመረ» አለ ሽማግሌው ወንበር እየሳበ። «አንተ ደግሞ ብድግ ብለህ አጨበጨብክ። እኔ መድረክ ላይ ነበርኩ። ጥሩ ቦታ ነው፣ ሁሉም ይታያል።»

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ፎርማኑ የሌለ ስኳር ማማሰል ጀመረ።

«ከእስር ስወጣ» አለ ሽማግሌው፣ «ያገኘሁት ሁሉ ‹ታዝዘን ነው፣ ልጆች ነበሩን› ይለኛል። እሱ ብቻ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ‹ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። እጄን ይዞ ያስጨበጨበኝ የለም› አለኝ። በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁበት። በሳምንቱ እሁድ ተመልሶ መጣ። ዘጋሁበት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እሁድ እሁድ!»

የሟቹ ሚስት ብድግ አለች። «እሁድ እሁድ? ሸሚዝ አስተኩሶኝ የሚወጣው እርስዎ ጋ ነው? እኔኮ ውሽማ ይዟል ብዬ አንጀቴ ሲያር ኖረ!»

«ውሽማ ብትሆንማ በሩን ትከፍትለት ነበር» አለ ሽማግሌው።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እናትየዋ እያለቀሰች ሳቀች። ልጅቱ ብቻ አልሳቀችም።

«ይቅር ብለውታል?» አለች።

«አላልኩትም ልጄ። ስድስት ዓመት ነው፣ አልዋሽሽም። ባለፈው እሁድ ግን ቀረ። ጠበቅኩት፣ ጠበቅኩት፤ እንዴት ይቀራል ብዬ ተናደድኩ። በማግሥቱም ዕረፍት ነሣኝ። ባጠያይቅ ሞቷል አሉኝ።»

ሲነሣ እስከ ደጅ ሸኘችው።

«እሁድ እኔ ብመጣስ?»

«አንቺ ምን አጠፋሽ? አላጨበጨብሽም!»

«ምንም አላጠፋሁም። ግን እሱ በሕይወት ቢኖር ይመጣ ነበር።»

«በሩን እዘጋብሻለሁ።»

«ይዝጉብኝ።»

ሽማግሌው ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረ።

«በሦስት ሰዓት ነበር የሚመጣው» አለ። «እንዳታረፍጂ።»

ይሄኔ እንባዋ መጣ። አባቷን፣ ያንን ባለ ትልቅ መዳፍ ሰውዬ፣ እየጠራች የሽማግሌውን የኮት እጅጌ ይዛ ተንሰቀሰቀች። እሱም እጅጌውን ሳይነጥቃት፣ እስክትጨርስ ቆመላት።